በሰው አገር ስለ መሰንበት

በሰው ቤት በእንግድነት ያደረ ሰው ሁሉ በልቡ የሚይዛት አንዲት ጥያቄ አለች፤ እርስዋም «እስከ መቼ ልቀመጥ?» የምትል ናት። በአገራችን ልማድ ባለቤቱ ይህችን ጥያቄ ለእንግዳው አያቀርባትም፤ ቢያቀርባት ነውር ይሆንበታል። እንግዳው ራሱ ማለዳ ተነሥቶ «እንግዲህ ልሂድ» ይላል፤ ባለቤቱም «ምን አስቸኰለህ፤ ሰንበት በል እንጂ» ይለዋል፤ ሁለቱም የነገሩን መጨረሻ እያወቁ ጥቂት ይከራከራሉ። መንግሥታት ግን ይህን ወግ አያውቁትም። መንግሥት የመሄጃውን ቀን በማኅተም አትሞ ለእንግዳው በእጁ ይሰጠዋል፤ ቀኑ ሲቃረብም እንግዳው ራሱ መጥቶ «ልሰንብትን?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። እኔ ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ስድስት ጊዜ ጠይቄአለሁ። ስለዚህ ነገር ጥቂት ለመናገር የተነሣሁትም ስድስተኛው ጥያቄ ከሌሎቹ የከበደ ስለ ሆነብኝ ነው።

አንባቢ በመጀመሪያ የምናገርበትን ስፍራ ማወቅ ይገባዋል። የምኖረው በታይላንድ ሰሜን ቺያንግ ማይ በምትባል ከተማ ነው። በልጅነቴ በወለጋ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተማርሁ፤ በኋላም ጥቂት ዘመን በአገሬ አስተማርሁ፤ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥቼ አሜሪካ ገባሁ፤ የዚያንም አገር ዜግነት ተቀብዬ በሜሪላንድ በመንግሥት ትምህርት ቤት 27 ዓመት ሒሳብ አስተማርሁ። በ2019 ጡረታ ስወጣ ባለቤቴ አርፋ ነበር፤ ልጅም አልሰጠንም። ጡረታዬ የሜሪላንድን የቤት ኪራይ ከፍሎ ለመብል የሚተርፈው እምብዛም ስለ ሆነ፣ ኑሮ ረከስ ወደሚልበት አገር መጣሁ። አየሩም ለአጥንት ይስማማል ብለውኝ ነበር፤ በየዓመቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድረስ ገበሬው ማሳውን ሲያቃጥል፣ ዱሩም ሲነድ፣ ከተማዋን የሚሸፍናትን ጢስ ግን የነገረኝ የለም። ለምን ወደ ኢትዮጵያ አልተመለስህም የሚለኝ ወዳጅ ብዙ ነው፤ እርሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ዛሬ አልነካውም።

ዘመንን በሚመለከት አንድ ነገር ላሳስብ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው። የታይላንድ ሰዎች ዘመናቸውን ከቡድሃ ሞት ጀምረው ስለሚቈጥሩ ከአውሮጳው 543 ዓመት ይቀድማሉ፤ 2025 የምንለው ለእነርሱ 2568 ነው። እኔም በልቤ በእኛው አቆጣጠር 2017 እያልሁ ወደ ባንክ እገባለሁ። ስለዚህ አንዱን የባንክ ወረቀት ስፈርም ሦስት ዘመን በአንድ ጊዜ በራሴ ውስጥ ይሟገታሉ፤ የሒሳብ መምህር መሆኔ እዚህ ላይ ሳይጠቅመኝ አልቀረም።

ሰዎች ይህን ፈቃድ «የጡረታ ቪዛ» ይሉታል፤ እኔም በአፍ ልማድ እንዲሁ እለዋለሁ። ነገር ግን በትክክል ሲነገር ቪዛ አይደለም። ቪዛ በሩን የሚከፍት ነው፤ ከገቡ በኋላ የሚሰጠው የዘጠና ቀን መቀመጫ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚለመነው «የመቈያ ማራዘሚያ» ይባላል። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። ቪዛ ያለው ሰው መብት እንዳለው ሊሰማው ይችላል፤ ማራዘሚያ ያለው ሰው ግን አንድ ዓመት ብቻ የተጨመረለት እንግዳ ነው። ማራዘሚያውን ከተቀበለ በኋላ የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጣ ከአገሩ ድንበር ቢወጣ፣ ያ ዓመት ወዲያውኑ ይሰረዛል። የመመለሻው ፈቃድ ዋጋ ለአንድ ጊዜ 1,000 ባት፣ ለብዙ ጊዜ 3,800 ባት ነው። የባልንጀራውን ቀብር ለመቅበር በድንጋጤ ወደ አውሮፕላን ሮጦ ይህን ወረቀት የረሳ ሰው ሲመለስ እንደ ማንኛውም ጐብኚ ሆኖ ይቈጠራል።

ማራዘሚያው የሚጠይቀው ነገር ግልጥ ነው። ሰውየው ዕድሜው 50 ዓመት የሞላ መሆን አለበት። ከዚያም፣ ወይ በታይላንድ ባንክ በራሱ ስም 800 ሺህ ባት ያስቀምጣል፣ ወይ በየወሩ 65 ሺህ ባት ገቢ እንዳለው ያስረዳል፣ ወይም ሁለቱን አዳምሮ በዓመት 800 ሺህ መሙላቱን ያሳያል። ቀድሞ ገቢን ለማስረዳት የየአገሩ ኤምባሲ የሚጽፈው ደብዳቤ ይበቃ ነበር፤ ከ2019 መግቢያ ጀምሮ ግን አሜሪካና ብሪታንያ አውስትራሊያም ጭምር ይህን ደብዳቤ መስጠት ስለ ተዉ፣ የእነዚህ አገሮች ጡረተኞች ገንዘቡ በየወሩ ከውጭ መግባቱን በባንክ ወረቀት ማሳየት ግድ ሆነባቸው። የኔ ጡረታ በወር ወደ 52 ሺህ ባት ያህል ነው፤ 65 አይሞላም። በዚህ ምክንያት የሜሪላንድ ቤታችንን ዕቃ ሸጬ፣ የዕድሜ ልክ ቁጠባዬንም ጨምሬ፣ 800 ሺሁን ባንክ አስቀመጥሁ። ይህ ምንዛሪው ቢለዋወጥም ከ20 ሺህ ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ ነው። ከዚህ ሌላ ጥሪት የለኝም።

አሁን ለነገሩ ሥር የሆነውን ልናገር። ከመጋቢት 1 ቀን 2019 ጀምሮ በጸናው ትእዛዝ መሠረት ይህ ገንዘብ ማራዘሚያው ከመጠየቁ ሁለት ወር አስቀድሞ በባንክ መቀመጥ አለበት፤ ከተፈቀደ በኋላም ሦስት ወር ሳይነካ ይቈያል፤ ከዚያ ወዲያ ባለው ጊዜ ባለቤቱ ሊያወጣ ይችላል፤ ግን ከ400 ሺህ በታች ሊያወርደው አይችልም። እንግዲህ ከዓመቱ አምስቱን ወር ገንዘቡ በሙሉ እስረኛ ነው፤ ሰባቱን ወር ደግሞ እኩሌታው እስረኛ ነው። በደብተሩ ላይ ስሜ አለ፤ ቍጥሩ አለ፤ እጄ ግን አይደርስበትም። ብዙ ጊዜ ደብተሩን ስገልጥ፣ በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠ ዳቦ የሚያይ ሰው መስዬ ለራሴ እታየኛለሁ።

ጥያቄው በሚቀርብበት ቀን ማለዳ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወዳለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚሄድ ሰው ደስ የሚል ትዕይንት ያያል። የዓለም ሽማግሌ ሁሉ በዚያ ተሰብስቦአል። አንዱ መርከብ ያዘዘ ነው፤ አንዱ የባቡር መሐንዲስ ነበር፤ አንዱ ሚሊዮን ያስተዳደረ ነው። ሁሉም በብብቱ አንድ የወረቀት አቃፊ ይዞ፣ ቍጥሩ እስኪጠራ ድረስ ፈተና እንደሚጠብቅ ተማሪ ወረቀቱን ደጋግሞ ይቈጥራል። ቅጹ ቲ ኤም 7 ይባላል፤ አራት በስድስት ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል፤ የባንክ ደብዳቤ፣ የደብተሩ ቅጅ፣ የፓስፖርቱ ቅጅ፣ የቤት አድራሻ የተመዘገበበት ማስረጃ፣ 1,900 ባት ዋጋ ይቀርባል። ከሁሉ የማደንቀው ግን ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ በእጅ ሥዕል እንድናቀርብ መጠየቃችን ነው። በዚህ በሰማይ የሚዞር መሣሪያ የእያንዳንዱን ጣሪያ በሚያይበት ዘመን፣ እኔ በእርሳስ መንገዱን፣ ቤተ መቅደሱን፣ የኑድል ሻጭዋን ድንኳን፣ የኔንም ቤት በመስቀል ምልክት እስላለሁ። ልጆችን ካርታ መሣል ያስተማርሁ ሰው እንደ መሆኔ ሚዛኑን ጠብቄ ነው የምሥለው፤ ሰሜንንም በቀስት አመለክታለሁ። ተቀባይዋ ግን አይታው አታውቅም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይህን ሁሉ እንደ ውርደት የሚቈጥሩ ብዙ ናቸው። «በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ ገንዘቤ፣ ለማንም ሳልከብድ ስኖር በየዓመቱ የሚመረምረኝ ለምንድር ነው? በየዘጠናው ቀን ‹አለሁ› ብዬ እንዳመለክት የሚያደርገኝስ ምን አጥፍቼ ነው?» ይላሉ። ከዚህም በላይ ልባቸውን የሚያቈስለው ነገር አለ፤ ከመስከረም 2022 ጀምሮ ባለ ጠጋ ጡረተኛ፣ በዓመት 80 ሺህ ዶላር ገቢ ያለው፣ የዐሥር ዓመት ፈቃድ ማግኘት ስለሚችል እንደ እኛ በየዓመቱ አይሰለፍም። ይህ እውነት ነው፤ ደስ የሚያሰኝም አይደለም። በየትኛውም ዓለም ለባለ ጠጋ በሩ ሰፊ ነው።

ቢሆንም እኔ በጥያቄው አልቀየምም፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው ከአገራችን ዕድር የተማርሁት ነው። አዲስ ሰው ወደ ሰፈር ሲገባ የዕድሩ ዳኛ «መዋጮህን ክፈል» ይለዋል እንጂ «ደኅና ሰው መስለኸኛልና ተወው» አይለውም። ይህን የሚለው ሰውየውን ስለ ጠላው አይደለም፤ የሞተ ቀን ድንኳኑን የሚተክል፣ ንፍሮውን የሚቀቅል ጎረቤት ዕዳ እንዳይወድቅበት ነው። የታይላንድም መንግሥት የሚለኝ ይህንኑ ነው። «ሽማግሌ ነህ፤ ትታመማለህ፤ አንድ ቀን ትሞታለህ፤ ያን ቀን ማን ይከፍላል?» በየመንግሥቱ ሆስፒታል ሕክምናቸውን ሳይከፍሉ የሚወጡ የውጭ አገር ሰዎች መኖራቸው የታወቀ ነው፤ የዚያ ዕዳ የሚወድቀው በነርስዋና በሩዝ ገበሬው ግብር ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው እላለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት አስተማሪያችን ናቸው። በልጅነቴ ፊደልን ተሻግሬ እንግሊዝኛ የጀመርሁባቸው እመቤት ከሩቅ አገር የመጡ ሚስዮናዊት ነበሩ። ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ ተረዳሁት፣ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1944 ባወጣው የሚስዮኖች ደንብ መሠረት ሚስዮኖች የት እንደሚሠሩ የሚወስነው መንግሥት ነበር፤ ማስተማሪያ ቋንቋቸውም አማርኛ እንዲሆን ታዝዞ ነበር። እመቤቲቱ በዕድሜያቸው እኩሌታ አማርኛ ተምረው፣ በአማርኛ ቈጥረው፣ በአማርኛ ይቈጡን ነበር። ወረቀታቸውን ለማሳደስ በጭቃ መንገድ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ አስታውሳለሁ። ሲመለሱ ጫማቸው ጭቃ ነበር እንጂ ፊታቸው አልጠቈረም። ያን ጊዜ «ይህች ፈረንጅ ምን አስፈቀዳት?» ብለን አላሰብንም፤ በአገራችን የሚቀመጥ ሰው አገራችንን ማስፈቀዱ የታወቀ ነገር ነበርና። እንግዲህ ለእርሳቸው ተገቢ የነበረው ሥርዓት ተራው ለኔ ሲደርስ ግፍ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር። ባለፈው መጋቢት 11 ቀን 2025 ስድስተኛው ማራዘሚያ ተፈቀደልኝ። ገንዘቡም እንግዲህ እስከ ሰኔ 11 ድረስ ሳይነካ መቈየት ነበረበት። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ የታይላንድ አዲስ ዓመት ነው፤ ሶንግክራን ይሉታል፤ ሕዝቡ ሁሉ ውሃ ይራጫል፤ መሥሪያ ቤት ሁሉ ይዘጋል። በዚያው ሰሞን፣ ለፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የታናሽ እኅቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፤ እማዬ ለርሱ እንዳትነግሪው ብላኛለች። እኔ ግን እነግርዎታለሁ» አለችኝ።

እኅቴ በልጅነትዋ የጉሮሮ ሕመም ይመላለስባት ነበር፤ ያ ሕመም ሳይታወቅ ልብዋን ጐድቶት ኖሮአል። ከልብዋ ቫልቮች አንደኛው ጠብቦ ደረጃ መውጣት ተስኖአታል፤ ሌሊት ተቀምጣ ነው የምታድረው። ሐኪሞቹ ሕንድ አገር ሄዳ ይቀየርላት፤ ብዙ አትቈይ ብለዋል። ለሕክምናው፣ ለአስታማሚና ለመመላለሻ በጠቅላላው ወደ 360 ሺህ ባት የሚሆን ገንዘብ ያስፈልጋል። ይህች እኅቴ እኔ በሱዳን በረሃ ጠፍቼ ሞተ በተባለ ጊዜ ለእናታችን የተረፈች አንዲት ልጅ ነበረች፤ እናታችንንም እኔ ሳልደርስ አስታምማ የቀበረች እርስዋ ናት።

ያን ሌሊት ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥሁ። ገንዘቡ አለ። እስከ ሰኔ 11 የቀረው ወደ ስምንት ሳምንት ያህል ነው። ከሰኔ 11 በኋላ ቢሆን ኖሮ 400 ሺህ ድረስ ማውጣት እችል ነበርና ምንም ጣጣ ባልነበረው። ለወዳጆቼ ደወልሁ፤ በዋሽንግተን አካባቢ የቀድሞ የዕቁብ ጓደኞቼ ያላቸውን አዋጥተው 90 ሺህ የሚሆን ላኩ። የቀረው 270 ሺህ ነው። ሒሳብ አስተምሬ ለማግኘትም አሰብሁ፤ የጎረቤቶቼ ልጆች ፈተና ይጨነቃሉ፤ ነገር ግን በዚህ ፈቃድ የተቀመጠ ሰው ደመወዝ ተቀብሎ ሥራ መሥራት የተከለከለ ነው። አንድ ሕግ ለማክበር ብዬ ሌላ ሕግ ማፍረስ ሒሳቡ አይገጥምልኝም።

በዚህ መካከል በምኖርበት ሕንጻ ያለ አንድ ጡረተኛ ጭንቀቴን ሰምቶ ወደ አንድ ደላላ መራኝ። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ይላል። ነገሩን በጣም ቀላል አድርጎ አስረዳኝ። «ገንዘብህን ዛሬውኑ አውጣና ለእኅትህ ላክ። በሚመጣው መጋቢት ፓስፖርትህን ለኔ ስጠኝ፤ በስምህ አዲስ ሒሳብ ተከፍቶ የሌላ ሰው ገንዘብ ለጥቂት ቀን ይገባበታል፤ ማኅተምህን ታገኛለህ፤ ገንዘቡም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። አንተ የምትከፍለው ለአገልግሎቱ ብቻ ነው።» የአገልግሎቱ ዋጋ ከ1,900 ባት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው። ጎረቤቴ ዓመታት እንዲህ ሲያደርግ ኖሮአል፤ አንድም ቀን በቍጥር አልተሰለፈም፤ ካርታም ሥሎ አያውቅም። ክፉ ሰው አይደለም። ሲያመኝ ሾርባ ያመጣልኛል።

አንባቢ ሆይ፤ በዚያች ሌሊት ደላላው ያቀረበልኝ ነገር ክፋት መስሎ አልታየኝም። የሚጐዳ ሰው ያለ አይመስልም፤ እኅቴ ትድናለች፤ እኔም እቀመጣለሁ። የሐሰትም መልክ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ የሚጐዳው ሰው በክፍሉ ውስጥ የለም። ነገር ግን አስተማሪ ሆኖ የኖረ ሰው የኩረጃን ጠባይ ያውቃል። አንድ ተማሪ ሲኰርጅ መምህሩ ለሚቀጥለው ፈተና ወንበሮቹን ያራርቃል፤ ከዚያም ሁለተኛው ሲኰርጅ መጽሐፍ ከክፍል ይወጣል፤ በመጨረሻም ሳይኰርጅ የኖረው ልጅ እርሳስ ለመዋስ እንኳ አንገቱን ማዞር ይከለከላል። ይህ የሦስት ወር እስራት ለምን መጣ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። እኔ እንደምረዳው የመጣው ከ2019 በፊት ብዙዎች ገንዘቡን ለማኅተሙ ቀን ብቻ እያስገቡ፣ በማግሥቱ ስለሚያወጡ ነው። እንግዲህ የእኅቴን መታከሚያ በባንኩ ውስጥ የቈለፈው ቍልፍ በእንደዚህ ያለ ደላላ እጅ የተሠራ ነው። እኔም በተራዬ ሌላ ቍልፍ ላሠራ? ከኔ በኋላ በሦስት ወር ፈንታ ስድስት ወር ቢታዘዝ፣ ያን ጊዜ የማላውቀው የሌላ ሽማግሌ እኅት በማን ዕዳ ትሞታለች?

ይህን ብዬ ለደላላው «አይሆንም» አልሁት። እርሱም በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶኝ የስልክ ቍጥሩን ተወልኝ። የዚህ አገር ሰዎች ሲከለከሉም ደግ ናቸው።

ሆኖም እኅቴን ስምንት ሳምንት አስቀምጬ ሕግ አከበርሁ ለማለትም አልወደድሁም። ገንዘብ ሰውን ለማዳን ካልሆነ ለሌላ ለምን ይቀመጣል? ሕጉን ደግሜ አነበብሁት። ሕጉ ገንዘቡን ማውጣትን ወንጀል አላደረገውም፤ የሚለው፣ ያወጣ ሰው የሚቀጥለውን ማራዘሚያ የሚጠይቅበትን ማስረጃ ያጣል ነው። ስለዚህ በዓሉ እንዳለፈ አቃፊዬን ይዤ፣ ቍጥር ወስጄ፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ ገባሁ። ተራዬ ሲደርስ የተቀበለችኝ መጋቢት ላይ ማኅተሙን የመታችልኝ መኰንን ነበረች። ነገሩን በአጭሩ ነገርኋት፤ ገንዘቡን ላወጣ መሆኔን፣ ለምን እንደማወጣውም ገለጥሁላት።

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም በእንግሊዝኛ «ገንዘቡ የእርስዎ ነው» አለችኝ። «የአሁኑ ዓመትዎ አይነካም። በመጋቢት ግን ደብተርዎ ይታያል፤ ቍጥሩ ወርዶ ከተገኘ ማራዘም አንችልም። ያን ጊዜ ቀንዎ ከመሙላቱ በፊት ከአገር ይውጡ፤ እንደ አዲስ ቪዛ ጠይቀው ይመለሱ።» ከዚያ በኋላ ስለ እኅቴ ዕድሜ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። እጆችዋን አጋጥማ በአገርዋ ሥርዓት እጅ ነሣችኝ፤ የሚቀጥለውንም ቍጥር ጠራች።

የሆነው ይኸው ነው። ሚያዝያ 28 ቀን 270 ሺህ ባት አወጣሁ፤ ደብተሩ ላይ 530 ሺህ ቀረ። እኅቴ በተራዋ ወደ ሕንድ ለመሄድ የሕክምና ቪዛ አስፈልጎአት፣ ፎቶግራፍና የባንክ ወረቀት ስታሰባስብ ሰነበተች፤ በስልክ «ወንድሜ፤ አንተ በየዓመቱ የምትሠራው ይህን ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። በግንቦት ተቀደደች፤ በሰኔ ተመለሰች። ዛሬ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ዐርፋ ትወጣለች፤ ተጋድማም ትተኛለች። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ዕድሜዋን ሙሉ መውሰድ አለባት፤ የርሱንም ዋጋ ተካፍለን እንችለዋለን።

ጎረቤቴ በዚህ ጉዳይ ሞኝ አድርጎኛል። «ያው ትወጣለህ፤ ያው ትመለሳለህ፤ ምን አተረፍህ?» ይለኛል። በገንዘብ ረገድ የተናገረው እውነት ነው፤ ምንም አላተረፍሁም። ቪዛውም እንደገና ይሰጠኝ ወይም አይሰጠኝ በሰጪው ፈቃድ ነው። ነገር ግን ቀኔ ሲደርስ የምወጣው በራሴ እግር፣ ፓስፖርቴም በኪሴ ሆኖ ነው። ቀኑን አሳልፎ የተቀመጠ ሰው ለአንድ ቀን 500 ባት፣ እስከ 20 ሺህ ባት ድረስ ይቀጣል፤ ከዘጠና ቀን በላይ ከሆነበት ደግሞ ተመልሶ እንዳይገባ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። በደላላ እጅ ፓስፖርቱን የተወ ሰው ደግሞ በዚያ ሳምንት ሞት ቢጠራው እንኳ ስሙን የሚያስረዳበት ወረቀት በእጁ የለም።

ይህን ስጽፍ የጥቅምት 2025 መጨረሻ ነው። ከጡረታዬ በወር 25 ሺህ ባት እየበላሁ 27 ሺህ አስቀምጣለሁ። ሥጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ሆኖአል፤ በሞተር ብስክሌት ፈንታ በእግሬ ስሄድ ጕልበቴ መሻሉን ሐኪሙ ነግሮኛል፤ ቡናን ግን አልቀነስሁም። ከግንቦት ጀምሮ ስድስት ወር አስገብቼ ደብተሩ 692 ሺህ ደርሶአል። 108 ሺህ ይጐድላል፤ ይህም አራት ወር ነው፤ ጥርስ ካልታመመኝ፣ ምንዛሪውም ካልወደቀብኝ፣ በየካቲት መጨረሻ 800 ሺሁ ይሞላል። ለአዲሱ ቪዛ ያን ማሳየት ያስፈልገኛል። መጋቢት 11 ቀን 2026 ከመድረሱ በፊት የሜኮንግን ወንዝ ተሻግሬ ላኦስ፣ ቪየንቲያን ገብቼ እጠብቃለሁ።

የቤት ኪራዩ ውል የሚያልቀው በጥር ነው። አከራይዋ ባለፈው ሳምንት መጥታ እንደ ልማዳችን ለዓመት እንድንፈርም ጠየቀችኝ። ለሁለት ወር ብቻ እንድታደርግልኝ ለመንኋት፤ ምክንያቱንም አስረዳኋት። እርስዋም አልጋውንና መጻሕፍቱን ሚያዝያ ድረስ በምድር ቤትዋ ልታስቀምጥልኝ ተስማማች፤ ዋጋ አልጠየቀችኝም፤ የልጅዋን ልጅ ክፍልፋይ ሒሳብ ግን እያየህለት ቈይ አለችኝ። ያለ ገንዘብ ስለ ሆነ በደስታ እሺ አልኋት።